የለጋሽን ሴል ቀድሞ አፅድቶ መስጠት ጂቪኤችዲን ያስቀረዋል? ለወንድሜ ነው፣ የምታውቁ እርዱኝ

የኮዬዋ እህት

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ትንሽ ይረዝማል ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ታናሽ ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው፣ ኤኤልኤል የሚባለው የደም ካንሰር ነው ያለበት። የመጀመሪያውን ኬሞ ጨርሶ ትምህርቱን ጀምሮ ነበር፣ ከዛ በሽታው ተመልሶ መጣ። አሁን በሁለተኛው ኬሞ ከመቅኔውም ከደሙም ጠፍቷል ግን የመቅኔ ንቅለ ተከላ ካልተሰራለት መመለሱ አይቀርም ብለውናል። ሜዲካል ቦርድ ወጥቶለት ህንድ ካለ አንድ ሆስፒታል ጋር እየተፃፃፍን ነው። አራት ልጆች ነን፣ ሁላችንም ተመርምረን ሙሉ ለሙሉ የገጠመው አልተገኘም፣ እኔ ግማሽ ገጠምኩ፣ አባዬም ግማሽ ነው፣ እና ለጋሿ እኔ እንድሆን ነው ያሰቡት።

ጥያቄዬ እዚህ ጋ ነው። ሆስፒታሉ በኢሜይል ሁለት መንገድ አለ አለን። አንደኛው ከኔ የሚወስዱትን ሴል ለሱ ከመስጠታቸው በፊት ላብራቶሪ አስገብተው አልፋ ቤታ ቲ ሴል የሚባለውን ለይተው አውጥተው የቀረውን መስጠት። ሁለተኛው ምንም ሳይነካ እንዳለ ሰጥተውት በ3ኛውና በ4ኛው ቀን ከባድ መድኃኒት መስጠት። የመጀመሪያው ዋጋው በጣም ይበልጣል። አባዬ ሰበታ ያለችንን ቦታ ሸጬም ቢሆን የተሻለው ይሰራለት ብሏል፣ ታላቅ ወንድሜ ደሞ ዋጋው ስለበለጠ ይሻላል ማለት አይደለም ይላል፣ ቤት ውስጥ ማታ ማታ ሌላ ወሬ የለም።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ጂቪኤችዲ የሚሉት ነገር ነው። የለጋሹ ሴል የተቀባዩን ቆዳ አንጀት ጉበት ያጠቃል ይላል። የኔ ሴል ማለት ነው። ላድነው ብዬ ሰጥቼው የኔው ደም ቢጎዳውስ እያልኩ ነው የማድረው። ታጥቦ ከተሰጠው ሙሉ በሙሉ ይቀራል? የሚቀር ከሆነስ ለምንድነው ለሁሉም ሰው እንደዛ የማይሰራው? ደሞ ስንመለስ የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው፣ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ከኛ ብሎክ ፊት ለፊት ገና ግንባታ ነው፣ አቧራው መስኮት አያስከፍትም። ለሱ ይሆናል ወይ?

ላብ ሰው ከቡራዩ

እህቴ አይዞሽ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ ሙያዬ ላብራቶሪ ነው፣ ውጭ አገር ለንቅለ ተከላ ሴል የሚያዘጋጅ ላብ ውስጥ ሰርቼ ነው የተመለስኩት፣ ይሄን ነገር በእጄ ስለሰራሁት ምን እንደሚያደርጉ እንዳለ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ላንቺ ፊልግራስቲም የሚባል መርፌ ለ4 ወይ ለ5 ቀን ይሰጥሻል፣ ስቴም ሴሎችሽ፣ ደም የሚሰሩት እናት ሴሎች ማለት ነው፣ ከመቅኔ ወጥተው ደም ውስጥ እንዲገቡ ነው። ወገብና አጥንት ያማል፣ ማስታገሻ ይዞት ያልፋል። ከዛ አፌሬሲስ የሚባል ማሽን ላይ ትተኛለሽ፣ በአንዱ ክንድ ደም ይወጣል፣ ማሽኑ የሚፈልገውን ይወስድና የቀረውን በሌላው ክንድ ይመልስልሻል፣ 4፣ 5 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። መጨረሻ ላይ የሚገኘው አንድ ከረጢት ነው። እዛ ከረጢት ውስጥ ስቴም ሴል አለ ግን ከስቴም ሴሉ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቲ ሴል የሚባል የመከላከያ ነጭ የደም ሴልም አብሮት አለ። እንደውም በደም የሚሰበሰበው ከመቅኔ በቀጥታ ከሚቀዳው ጋር ሲተያይ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ቲ ሴል ይዞ ነው የሚመጣው። እነዚህ ቲ ሴሎች ናቸው ወንድምሽ ሰውነት ውስጥ ሲገቡ የማያውቁት አካል ነው ብለው የሚዘምቱት።

ከረጢቱ ላብ ሲደርስ መጀመሪያ እናጥበዋለን፣ ፕሌትሌቱ እንዲቀንስ። ቀጥሎ አልፋ ቤታ ቲ ሴልን ብቻ፣ ጂቪኤችዲ የሚያመጣውን ዓይነት ማለት ነው፣ ፈልጎ የሚይዝ አንቲቦዲ ይጨመራል፣ አንቲቦዲው ላይ ደሞ በዓይን የማትታይ የብረት ቅንጣት ትለጠፋለች። ከዛ ክሊኒማክስ የሚባል የጀርመን ማሽን ላይ ይሰቀልና ፈሳሹ ማግኔት መሃል በተቀመጠ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ብረት የተለጠፈበት ሴል ሁሉ እዛው ተይዞ ይቀራል፣ ያልተለጠፈበት ስቴም ሴል አልፎ ሌላ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ቢ ሴሎቹም በዛው ነው የሚወጡት፣ እነሱ ኢቢቪ የሚባል ቫይረስ ተሸክመው ገብተው ሌላ ጣጣ እንዳያመጡ። ሙሉ ቀን ቁጭ ብድግ የሌለበት ስራ ነው፣ መሃል ላይ እየቆጠርሽ፣ ሴሉ እንዳይሞት ሙቀቱን እየጠበቅሽ። በደንብ ሲሰራ ከ10,000 አልፋ ቤታ ሴል አንድ ቢተርፍ ነው። ዋጋው የሚወደደው በዚህ ነው፣ ኪቱ አንዴ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ ባለሙያውም በየቦታው አይገኝም።

ጋማ ዴልታ የሚባሉት ቲ ሴሎችና ኤንኬ የሚባሉት ሌሎች የመከላከያ ሴሎች ግን ሆን ተብሎ ይተዋሉ፣ እነሱ ጂቪኤችዲ አያመጡም ተብሎ ነው የሚታሰበው፣ ኢንፌክሽንና የተደበቀ የካንሰር ሴልን ግን ይዋጋሉ። ይሄን መንገድ ልጆች ላይ በሰፊው ካሳዩት ውስጥ ሮም ያለው የባምቢኖ ጄሱ ህፃናት ሆስፒታል የፍራንኮ ሎካቴሊ ቡድን አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ፅሁፍ ሉኬሚያ (የደም ካንሰር) ያለባቸው 80 ልጆች ግማሽ ከገጠመ ቤተሰብ ተሰጥቷቸው፣ ከተከላው በኋላ ምንም የመከላከያ መድኃኒት ሳይጨመርላቸው፣ ስር የሰደደው ጂቪኤችዲ የታየው ከ100 በ5ቱ ነው። አጣዳፊው ከ100 ወደ 30 ገደማ ላይ ታይቷል ግን ቀለል ያለና ቆዳ ላይ ብቻ የቀረ ነበር። ስለዚ ሙሉ በሙሉ ይቀራል ወይ ላልሽው መልሱ አይቀርም፣ ግን በጣም ይቀንሳል።

አቤል

እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። እኔ ያልገባኝ ነገር ግን፣ ጥፋተኛው ቲ ሴል ከሆነ ለምን ሁሉንም ጠራርገው አያወጡትም? ግማሹን ከማውጣት። ወይ ደሞ ለደም እንደሚያደርጉት ከረጢቱን በጨረር መትቶ ቲ ሴሉን መግደል አይቀልም? ካለኝ ሙሉ በሙሉ የፀዳውን ነው የምመርጠው።

ሬዚደንቷ

አቤል ጥያቄህ ጥሩ ነው ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነው። እኔ የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ነኝ፣ ሄማቶሎጂ ክፍል ብዙ ስላለሁ የምችለውን ልበል፣ የሚወስነው ግን ልጁን የያዘው ሐኪም ነው።

ጨረሩን ላንሳና ልለፍ። ለታማሚ የሚሰጥ ደም 25 ግሬይ ጨረር ይመታል፣ በደሙ ውስጥ ያሉት ቲ ሴሎች እንዳይራቡ ነው፣ ከደሙ የምንፈልገው ቀይ ሴሉን ስለሆነ ችግር የለውም። ንቅለ ተከላው ላይ ግን የምንፈልገው እንዲራባ ነው፣ ስቴም ሴሉ ገብቶ አዲስ መቅኔ መስራት አለበት። በጨረር ከመታኸው እሱም አብሮ ይሞታል፣ ልጁ ኬሞ አጥቦት ባዶ መቅኔ ይዞ ይቀራል ማለት ነው።

ሁሉንም ቲ ሴል ጠራርጎ ማውጣት ደሞ ተሞክሯል፣ አዲስ ሃሳብ አይደለም። በ1980ዎቹ (በፈረንጅ) ያየር ራይስነርና ባልደረቦቹ ከአኩሪ አተር የሚገኝ ፕሮቲንና የበግ ቀይ ደም ሴል ተጠቅመው ቲ ሴሉን ለይተው አውጥተው፣ መከላከያ አቅም ሳይኖራቸው ለተወለዱ ህፃናት ከወላጅ የተወሰደ ግማሽ የገጠመ መቅኔ ሰጥተዋቸው ሰርቷል። እነዛ ህፃናት ካንሰር የለባቸውም፣ ሴሉን የሚገፋ አቅምም የላቸውም። ሉኬሚያ ላይ ሲደረግ ግን ጂቪኤችዲው ቀነሰና ሌላ ሦስት ነገር መጣ፦ አዲሱ መቅኔ አልይዝ ማለት፣ ከባድ የቫይረስ ኢንፌክሽን፣ እና የካንሰሩ መመለስ። ምክንያቱም ቆዳውን የሚያጠቃው ቲ ሴልና የተረፈውን የሉኬሚያ ሴል አሳዶ የሚገድለው ቲ ሴል አንድ ቤተሰብ ናቸው። ፍፁም ከሚመሳሰል መንታ ወንድሙ የወሰደ ታማሚ ጂቪኤችዲ አይዘውም ማለት ይቻላል፣ ግን ካንሰሩ ከሌሎቹ ይበልጥ ይመለስበታል፣ ይሄ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በትልቅ ጥናት የታወቀ ነው። እንክርዳዱን ስትነቅሉ ስንዴውን አብራችሁ እንዳትነቅሉ የተባለው እዚህ ጋ በትክክል ይሰራል።

አዋቂዎች ላይ ደሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ 346 ሰው የተመደበበት የአሜሪካ ሙከራ አለ። ስቴም ሴሉ ብቻ ተለይቶ የተሰጣቸው፣ ማለትም ቲ ሴል ሁሉ የወጣላቸው፣ ስር የሰደደው ጂቪኤችዲ ከሁሉም ያነሰባቸው እነሱ ናቸው። በህይወት የመቆየቱ ነገር ግን የነሱ ነው የባሰው፣ ከተከላው ጋር በተያያዘ ችግር በተለይ በኢንፌክሽን የሞተው በዛ። ጂቪኤችዲን ማሸነፍ ብቻውን ታማሚውን ማዳን አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ልብ በሉ ይሄ ሙከራ ስለ አልፋ ቤታው መንገድ አይደለም፣ የአልፋ ቤታው ሃሳብ የመጣው እንደውም ይሄንን ጉድለት ለመሙላት ነው። እና ሙከራው ላይ የነበሩት ሙሉ የገጠመ ለጋሽ ያላቸው ናቸው፣ የናንተው ግማሽ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው መንገድ። እህቴ "ሳይነካ" ስላሉሽ ዝም ብለው የሚለቁት እንዳይመስልሽ። በ3ኛውና በ4ኛው ቀን የሚሰጠው ከባድ መድኃኒት ሳይክሎፎስፋማይድ ይባላል፣ አሮጌ መድኃኒት ነው፣ እዚህም ለጡት ካንሰር ኬሞ ይሰጣል። ሃሳቡ እንዲህ ነው፣ ሴሉ በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወንድምሽን እንደ ባዕድ ያዩት ቲ ሴሎች ተነስተው በፍጥነት መባዛት ይጀምራሉ፣ ሌሎቹ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። መድኃኒቱ በ3ኛውና በ4ኛው ቀን ሲገባ በዋናነት የሚመታው እየተባዙ ያሉትን ነው። ስቴም ሴሎቹ መድኃኒቱን የሚያከሽፍ ኢንዛይም ስላላቸው ይተርፋሉ፣ ዝም ያሉት ቲ ሴሎችም ብዙዎቹ ይቀሩና በኋላ ኢንፌክሽን ይከላከላሉ። ማለት ማፅዳቱ እዛ ላብ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ ልጁ ሰውነት ውስጥ ይሆናል። ይሄን ያሳደጉት ጆንስ ሆፕኪንስ ያሉት ናቸው፣ ግማሽ የገጠመ ሰው መስጠት በዓለም ላይ እንዲህ የተስፋፋው በዋናነት በዚህ መድኃኒት ነው። ለሙሉ ማች እንኳን ገብቷል፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ 431 ሰው ባካተተ ሙከራ ከባድ ጂቪኤችዲ ሳይዘው በሽታውም ሳይመለስበት አንድ ዓመት የቆየው በሳይክሎፎስፋማይዱ 52.7 ከ100፣ በድሮው መድኃኒት 34.9 ከ100 ነበር። ጉዳት የለውም አልልም፣ ፊኛ ያደማል ስለዚህ መከላከያና ብዙ ፈሳሽ ይሰጣል፣ ልብም ክትትል ይፈልጋል፣ መቅኔው እስኪይዝም ትንሽ ይዘገያል።

ስለዚህ ታላቅ ወንድምሽ እንዳለው ነው፣ ዋጋው ስለበለጠ ብቻ ይሻላል ማለት አይቻልም። የኔ ምክር ከዘዴው በፊት ቦታውን መጠየቅ ነው። አልፋ ቤታውን ለስንት ልጅ ሰርተዋል፣ ኤኤልኤል ለተመለሰበት ስንት ልጅ ሰርተዋል፣ ስንቱ አንድ ዓመት አለፈ፣ በኢንፌክሽን ስንት አጡ። ሮም ላይ ያ ውጤት የመጣው በየሳምንቱ ቫይረስ የሚለካ፣ ችግር ሲመጣ ወዲያው የሚያክም ቡድን ስላለ ጭምር ነው። እነሱ እራሳቸው እንኳን ከ100 በ24ቱ ሉኬሚያው እንደተመለሰ ፅፈዋል። አልፎ አልፎ የሚሰራ ቦታ ላይ ውዱን ከመግዛት በየሳምንቱ የሚሰሩትን እዛው ማሰራት ይሻላል ባይ ነኝ።

ፋርማሲስት ከለገጣፎ

ሬዚደንቷ በደንብ አስረድተሻል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ማሽን የሌላቸው አገሮችም ሴሉን ቀድሞ ማከም ሰርተዋል። ኬፕታውን ላይ ካምፓዝ የሚባለውን አንቲቦዲ በቀጥታ ከረጢቱ ውስጥ ጨምረው ጥቂት አስቆይተው ይሰጣሉ፣ ማግኔት የለ ምን የለ፣ አንቲቦዲው ቲ ሴሉ ላይ ይጣበቅና ሰውነት ውስጥ ሲገባ ይጠፋል። በደንብ ይሰራል ግን እንደተባለው ቫይረስና የበሽታው መመለስ ይጠበቃል። አሁን አሁን ደሞ ሁሉንም አልፋ ቤታ ከማውጣት ገና ምንም ጀርም ያላዩትን ቲ ሴሎች ብቻ መርጦ ማውጣት አለ፣ ቫይረስ የሚያውቁት እንዲቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 138 ሰው ላይ ስር የሰደደው ጂቪኤችዲ ከ100 ወደ 7 ወርዷል፣ እሱ ግን ሙሉ ለገጠመ ነው። ጣሊያን ፔሩጃ ያሉት ደሞ ሬጉላቶሪ ቲ ሴል የሚባሉትን፣ ሌሎቹን የሚያረጋጉትን፣ ቀድመው ይሰጣሉ። እነዚህን ሴሎች ያገኙት ሰዎች ናቸው በ2025 ኖቤል የወሰዱት። ለናንተ አሁን የሚደርስ ነገር አይደለም ግን አለም ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያሳያል።

የሱሉልታዋ

የኔ እናት አይዞሽ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ባለቤቴ ግን ግማሽ በገጠመ ወንድሙ ነው የተሰራለት፣ በሁለተኛው መንገድ፣ በሳይክሎፎስፋማይዱ። ዛሬ እግዚአብሔር ይመስገን ስራ ገብቷል። ያየሁትን ልንገርሽ፣ ቀድመሽ ብታውቂው አትደነግጪም።

ሴሉ ከገባ በኋላ መድኃኒቱ እስኪሰጠው ባሉት ቀናት ትኩሳቱ ወደላይ ወጣ፣ ብርድ ብርድ እያለው ሲንቀጠቀጥ አብሬው አለቀስኩ፣ ነርሶቹ ግን የምንጠብቀው ነው አሉኝ፣ ሳይክሎው ከገባ በኋላ ወረደለት። ከዛ አፉ ቆሰለ፣ ውሃ እንኳን አልዋጥ አለው፣ እሱም አለፈ። ከሆስፒታል ከወጣን በኋላ ወዲያው ወደ አገር አይላክም፣ መጀመሪያዎቹን 100 ቀን እዛው አጠገባቸው ቤት ተከራይታችሁ ነው የምትቆዩት። ሆስፒታሉ ከሚነግራችሁ ዋጋ ውጪ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ በየጊዜው የሚወሰደው የደም ምርመራ አለ። የሰበታውን ቦታ የምትሸጡ ከሆነ ብሩን በሙሉ ለተከላው አታውሉት፣ ለዚህ አስቀምጡ። እኛ መሃል ላይ አልቆብን የሰው ፊት ነው ያየነው።

እዚህ ከመጣን በኋላ ስር የሰደደው ነገር ትንሽ ያዘው። ዓይኑ ይደርቃል፣ አሸዋ ያለበት ይመስለዋል፣ አፉ ውስጥ ነጭ መስመር ወጣ፣ በርበሬ ያለበትን ወጥ ገና በአፉ ሳያደርሰው እንባው ይፈስ ነበር። ለብዙ ጊዜ ቤታችን ሁሉ አልጫ ነበር የሚበላው፣ ልጆቹም ለመዱት። ፀሐይ ደሞ ቆዳው ላይ ያስነሳበታል፣ የኛ አገር ደጋ ፀሐይ ብርድ ስለሆነ የማያቃጥል ይመስላል ግን ይጎዳል፣ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ካልለበሰ አይወጣም። መድኃኒቱን አስተካክለውለት ተሻለው።

ስለ ቤቱ ለጠየቅሽው፣ እኛ ላሞች ነበሩን፣ ድርቆሹንም ኩበቱንም ከግቢ አስወጥተን ነው የገባው። ሻጋታ ነው የሚፈራው፣ አቧራ ውስጥ ያለው ፈንገስ ሳንባ ውስጥ ይገባል ብለውናል፣ የግንባታ አቧራ ደሞ ዋነኛው ነው። ከቻላችሁ የመጀመሪያዎቹን ወራት ከግንባታው ራቅ ያለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ፣ ካልሆነ በግንባታው በኩል ያለው ክፍል አይደር፣ መስኮቱ ይዘጋ፣ እቤት ውስጥ በደረቁ አይጠረግ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በርሜል ውስጥ የቆየውን አፍልታችሁ ነው የሚጠጣው፣ ጥርሱንም በፈላ ውሃ ይቦርሽ። ጥሬ ሥጋ፣ ክትፎ ለብለብ፣ ያልፈላ ወተት፣ በቤት የተናጠ አይብ ይቅር። እማዬ ጠበል ልውሰደው ማለቷ አይቀርም፣ የኛም አማት ብላለች፣ ካህኑን እቤት ጠርተን ፀሎቱ ተደረገለት በመስቀሉ ዳበሱት፣ መጠጣቱንና መጠመቁን ሐኪሙ እስኪፈቅድ አቆየነው፣ አባታችንም ምንም አላሉም።

የኮዬዋ እህት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ለአባዬ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩለት፣ ሁለቴ አስደገመኝ። ታላቅ ወንድሜ ጋሽዬ ደሞ እኔ ምን አልኩ ብሎ ኮራ ብሏል። ሬዚደንቷ አንድ ጥያቄ ላስቸግርሽ፣ እኔ ወልጃለሁ፣ የ3 ዓመት ልጅ አለችኝ። አንድ ቦታ ላይ የወለደች ሴት ለወንድ ስትሰጥ ይብሳል የሚል አየሁ። እውነት ነው? አባዬ ይሻላል ማለት ነው? እሱ 58 ዓመቱ ነው፣ ስኳርም አለበት። ደሞ ለወንድሜ ደም ሲያስፈልገው እኛ ነን ሄደን የምንሰጠው፣ ይሄስ ችግር አለው?

ሬዚደንቷ

እህቴ ጥሩ ነው የጠየቅሽው። እውነት ነው፣ ወንድ ከሴት ሲወስድ በተለይ ከወለደች ሴት ስር የሰደደው ጂቪኤችዲ ከፍ ይላል፣ ሴሎቿ ወንድ ላይ ብቻ ያለውን ነገር እንደ ባዕድ ስለሚያዩት ነው። ግን እሱ አንድ መመዘኛ ብቻ ነው። ወጣት ለጋሽ ይመረጣል፣ የአባትሽ ስኳርም ከግምት ይገባል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግማሽ ማች ላይ መጀመሪያ የሚታየው ወንድምሽ ደም ውስጥ ያንቺን ኤችኤልኤ (ሴል ላይ ያለ መለያ ነው፣ መግጠም አለመግጠም የሚታየው በሱ ነው) የሚቃወም አንቲቦዲ አለ ወይ የሚለው ነው፣ ብዙ ደም የወሰደ ሰው ላይ ይኖራል፣ ካለ ሴልሽ ላይይዝ ይችላል። ይሄ ምርመራ ለሁለታችሁም ተደርጎ እንደሆነ ጠይቂ፣ ካልተደረገ ያንቺም የአባትሽም ይደረግ። ሁለቱ ወንድም እህቶችሽም ግማሽ የገጠሙ ካሉ ከዝርዝሩ አይውጡ፣ ወንድምሽ ታላቁ ገጥሞ እንደሆነ በደንብ ይታይ።

ደም ላይ፣ ደም ባንክ ሄዳችሁ ለሁሉም የሚሆን ደም መስጠት ምንም ችግር የለውም፣ ስጡ። ግን ያንቺ ወይ የአባትሽ ደም በቀጥታ ለሱ እንዳይሰጥ። ሁለት ምክንያት አለው፣ አንዱ ከለጋሹ ቤተሰብ ደም በወሰደ ቁጥር ያንን አንቲቦዲ የመስራት እድሉ ይጨምራል፣ ሁለተኛው የቅርብ ዘመድ ደም ጨረር ካልተመታ በራሱ በደም የሚመጣ ጂቪኤችዲ ያመጣል፣ እሱ ደሞ በጣም ገዳይ ነው። ከተከላው በኋላም የሚሰጠው ደም ጨረር የተመታ መሆን እንዳለበት ፋይሉ ላይ በትልቁ ተፅፎ ይምጣ፣ እዚህ ድንገት የሚያስተኛው ሐኪም እንዲያየው።

ላብ ሰው ከቡራዩ

እኔም የምጨምረው፣ ስትፅፊላቸው ከመቅኔ በቀጥታ መውሰድ ይቻላል ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ሁለተኛውን መንገድ ከመረጣችሁ። ከመቅኔ የተቀዳው ቲ ሴሉ ስለሚያንስ ስር የሰደደው ጂቪኤችዲ ያንሳል። ላንቺ ግን በማደንዘዣ ከዳሌ አጥንት ነው የሚወሰደው፣ ለተወሰነ ቀን ያምሻል። ልጅ ስላለሽ የሚያግዝሽ ሰው ይዘሽ ሂጂ።

ደሞ አንቺ ላይ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ፣ የኔ ሴል ይጎዳዋል እያልሽ ራስሽን አትብዪ። ያንቺ ሴል ባይኖር ልጁ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ከመዝገብ የሚገኝ ለጋሽ ለአፍሪካዊ ታማሚ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ መዝገብ ላይ በተሰራ ስሌት ለነጭ አውሮፓዊ ዝርያ ሙሉ ማች የማግኘት እድሉ 75 ከ100 ሲሆን ለአንዳንድ ጥቁር ህዝቦች 16 ብቻ ነው።

የሱሉልታዋ

እኔ የረሳሁትን ላስታውስሽ የኔ ቆንጆ፣ የ3 ዓመት ልጅ አለችኝ ስላልሽ ነው። የፖሊዮ ጠብታ ዘመቻ ቤት ለቤት ሲመጣ በሩን ከፍተሽ ዝም ብለሽ አታስጨምሪላት፣ ጠብታው ህይወት ያለው ቫይረስ ስለሆነ ከልጅ ወደ ታማሚ ሊተላለፍ ይችላል ብለውናል። እኛ ለጤና ኤክስቴንሽኗ አስረድተናት የልጆቹን ክትባት ሐኪሙን ጠይቀን በመርፌው ነው ያስወሰድነው። ለሱም ቢሆን ህይወት ያለው ክትባት ቢያንስ ሁለት ዓመት አይሰጠውም፣ ሌሎቹን የልጅነት ክትባቶች ግን እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ይወስዳቸዋል፣ የቀድሞው ይጠፋል።

የኮዬዋ እህት

ለሆስፒታሉ ሁሉንም ፃፍኩላቸው፣ መልሰውልኛል። አልፋ ቤታውን የሚሰሩት በአብዛኛው ካንሰር ላልሆነ፣ መከላከያ አቅም ሳይኖራቸው ለተወለዱ ልጆች እንደሆነ ነገሩኝ፣ ኤኤልኤል ለተመለሰበት ልጅ የሰሩት ጥቂት ነው፣ ሳይክሎውን ግን ሁሌ ነው የሚሰሩት። አባዬ ይሄን ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና "እንግዲያው የለመዱትን ይስሩለት" አለ። የአንቲቦዲ ምርመራ አልተደረገም ነበር፣ የኔንም የአባዬንም የጋሽዬንም ናሙና ላኩ ብለውናል፣ ጋሽዬም ግማሽ ገጥሞ ኖሯል፣ እኔን መጀመሪያ ያሉት በእድሜ ስለማንስ ነው። ከመቅኔ መውሰዱንም እንችላለን ብለዋል። ሰበታውን ለመሸጥ ደላላ ጋ ደውለናል፣ የኪራዩን ለብቻ እናስቀምጣለን።

የሱሉልታዋ፣ የቤት ኪራዩን እዛ እንዴት እንዳገኛችሁት በውስጥ ብትፅፊልኝ፣ ለሦስት ሰው ነው፣ ወጥ ቤት ያለው።